ዓባይን በክረምት ማን አየው?



የድሮዋን የአንድ ብር ኖት የማያስታውስ አዋቂ ያለ አይመስለንም። በፊት ለፊቷ የአንድ ልጅ ፊት፣ በጀርባዋ ደግሞ ወፎችና ፏፏቴ ነበረባት። ያ ፏፏቴ ጢስ ዓባይ ነው። ብሯ ወደ ሳንቲም ከተለወጠች ወዲህ ሥዕሉም ከእጃችን ጠፋ። ዓባይን በኪሱ ይዞ ሲዞር ኖሮ በዓይኑ ሳያየው የቀረውን ሰው ቤት ይቁጠረው። ካዩትም ውስጥ ብዙዎቹ ያዩት በበጋ ነው። በጥር ወይም በየካቲት፣ ጭቃው ደርቆ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ለጉዞ ሲመች። ያን ጊዜ ከገደሉ የሚወርደው ውሃ ቀጭን ነው። «ይኸው ነው እንዴ?» ብሎ የተመለሰ ብዙ ሰው ገጥሞናል። ስለዚህ በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ስለ ዓባይ ከሚነሳው ሁሉ አንዲቱን ጥያቄ ብቻ እናነሳለን፤ ለመሆኑ ዓባይን በክረምት ማን አየው?

ጥያቄውን የምናነሳው ከዝናብ አገር ሆነን ነው። ከሚዛን ወደ ቴፒ የሚወስደውን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሄደ ሰው ሸኮን ያውቃታል። መንገዱ በቡናና በትልልቅ ዛፍ መካከል ይጠማዘዛል፣ ጉሙ ከጠዋት እስከ ረፋድ ከጫካው ላይ አይነሳም፣ ከዛፉ ሥር ቡናና ኮረሪማ አለ። በሌላው የአገራችን ክፍል ክረምት ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ ይወጣል። በሸኮ፣ በቤንችና በሸካ ግን ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ኅዳር ሊዘልቅ ይችላል። በዓመት የሚወርደው ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። በዚህ አገር ያደገ ልጅ «ክረምት ገባ» ሲባል እምብዛም አይደንቀውም። ዝናብ ለእርሱ ወቅት ሳይሆን የቤት ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ከደጋው ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ወደ ኦሞ ይገባና በቱርካና ሐይቅ ያልቃል። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ደግሞ ከሚዛን አቅራቢያ በሚነሳው በጊሎና በአኮቦ በኩል ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርዳል፣ ከዚያም ፒቦርን፣ ሶባትን እያለ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። እንግዲህ የሸኮ ሰው በጣራው ላይ ከሚያወርደው ዝናብ ከፊሉ ካርቱም ላይ ከጎጃሙ ዓባይ ጋር ይገናኛል ማለት ነው። ዘመድ ነን። ይህን ዝምድና ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የኢስራእና ሚዕራጅ ሐዲስ ውስጥ ከሲድረቱል ሙንተሃ ሥር ከተጠቀሱት ወንዞች መካከል ኒልና ፉራት እንደሚገኙ አድማጮቻችን ታውቃላችሁ። ሙስሊሞች ሚስርን ከያዙ በኋላ ግን ስለ ኒል ያሳሰባቸው ሌላም ነገር ነበር። ወንዞች ሁሉ በሙቀት ወራት ሲጎድሉ ኒል ለምን ይሞላል? ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1326 ካይሮ ሲደርስ ከወንዙ አስደናቂ ነገሮች አንዱ ይህ መሆኑን ጽፏል። በሰኔና በሐምሌ የካይሮ ሰማይ ደመና የለውም። አሸዋው እንደ እሳት ይፋጃል። ወንዙ ግን ከቀን ቀን ከፍ ይላል፣ ይደፈርሳል፣ ቀይ አፈር ተሸክሞ ይመጣል። የሚመጣው የእኛ ክረምት ነው። የካይሮ ሰው አንዲት ጠብታ ዝናብ ሳይወርድበት የኢትዮጵያን ክረምት በደጁ ያይ ነበር።

ማየት ብቻም አይደለም፤ ይለካዋል። በካይሮ ረውዳ ደሴት ላይ እስከ ዛሬ የቆመ አንድ ጉድጓድ አለ። በመካከሉ በክንድ የተከፋፈለ የድንጋይ ዐምድ ተተክሏል። በዐባሲያው ኸሊፋ በአል-ሙተወኪል ትእዛዝ በ247 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 861) የተሠራ ሲሆን፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ አል-ፈርጋኒ ስሙ ከሥራው ጋር ይነሳል። ውሃው 16 ክንድ የደረሰ ዕለት በከተማው ደስታ ይሆናል፣ የካይሮ ቦይ ይከፈታል፣ የመሬት ግብርም በዚያ መጠን ይተመናል። 16 ካልሞላ ዳቦ ይወደዳል። ከልክ ካለፈ ደግሞ መንደር ይጠርጋል። በዓሉን «ወፋኡን ኒል» ይሉታል፤ ኒል ቃሉን ሞላ እንደ ማለት ነው። ናፖሊዮን እንኳ ሚስርን በያዘበት በ1798 ነሐሴ ወር ላይ የሕዝቡን ልብ ለመሳብ ከበዓሉ ላይ ተገኝቷል። የዚያን ዘመን ሚስር በጽሑፍ ያቆየልን ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው የዘር ሐረጉ ከእኛው ከጀበርት ምድር ይመዘዛል፤ ቤተሰቡም በአል-አዝሀር የጀበርቲዎችን ሪዋቅ ሲመራ የኖረ ነው። የሐበሻ ልጅ ካይሮ ተቀምጦ የሐበሻን ውሃ ከፍታና ዝቅታ ይመዘግብ ነበር ማለት ነው። ይህን ባሰብነው ቁጥር ይገርመናል።

ውሃው የቀረባቸው ዓመታት ታሪክ ግን ያስፈራል። በፋጢሚያው ኸሊፋ በአል-ሙስተንሲር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1065 ጀምሮ ለሰባት ዓመታት ያህል የቆየ ረኀብ ሚስርን አራቁቷታል። የባግዳዱ ሐኪም ዐብዱለጢፍ አል-በግዳዲ ደግሞ ኒል 13 ክንድ እንኳ ሳይሞላ የቀረበትን የ1200 ዓመት ተከትሎ የደረሰውን እልቂት በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። ያን ምዕራፍ ለልጆች ማንበብ አይቻልም። እንግዲህ በላስታ፣ በጎጃምና በወለጋ ተራሮች ላይ የአንድ ክረምት ዝናብ ሲሰስት፣ ምክንያቱን የማያውቁ ሰዎች በሌላ አገር በረኀብ ያልቁ ነበር።

ፍርሃት ወሬ ይወልዳል። የሐበሻ ንጉሥ ወንዙን ዘግቶት ነው የሚል ወሬ በካይሮ ሥር ሰደደ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የክርስቲያኑ የታሪክ ጸሐፊ አል-መኪን፣ በአል-ሙስተንሲር ዘመን ኒል በጎደለ ጊዜ የቅብጡ ፓትርያርክ ሚካኤል ስጦታ ይዞ ወደ ሐበሻ ንጉሥ እንደተላከ፣ ንጉሡም የተዘጋውን አስከፍቶ ውሃው በአንድ ሌሊት ከፍ እንዳለ ተርኳል። በእኛ ግምት መልእክተኛው ተልኮ ሊሆን ይችላል። ዓባይን በዚያ ዘመን መሣሪያ የዘጋ ንጉሥ ግን አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ወሬውን ያመነ ሰው ዓባይን በክረምት አላየውም።

ይህን ከሁሉ ቀድሞ የተረዳ አንድ ሊቅ ነበር። የበስራው ኢብኑል ሐይሠም፣ በብርሃንና በዓይን ጥናቱ ዓለም የሚያውቀው፣ የኒልን ውሃ ለመቆጣጠር የሚያስችል ሥራ ልሠራ እችላለሁ ማለቱን የካይሮው ገዢ አል-ሓኪም ሰማና አስጠራው። ኢብኑል ሐይሠም ሠራተኞች ይዞ እስከ አስዋን ዘለቀ። በመንገዱ የጥንት ሰዎች ያቆሟቸውን ግዙፍ ሕንጻዎች አየ። የሚቻል ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች በሠሩት ነበር ብሎ አሰበ፤ ፏፏቴዎቹ ዘንድ ደርሶ ወንዙን ሲያየውም እንደማይቻል አመነ። ተመልሶ እውነቱን ተናገረ። አል-ሓኪም ግን በቁጣው የታወቀ ገዢ ነበርና ሊቁ ነፍሱን ለማትረፍ ያበደ መስሎ ገዢው እስከ ሞተበት እስከ 1021 ድረስ ቤት ተቀመጠ ይባላል። እርሱ ያየው ግን የወንዙን የታችኛውን በር ነው። ከላይ፣ በእኛ ዘንድ ያለውን የሚስር ሊቅ አላየውም።

ታዲያ ከላይ ማን ያየው ነበር? የአገሬው ገበሬ፣ እረኛና ታንኳ ቀዛፊ በየዓመቱ ያየዋል፤ ስሙንም ጢስ ያለው እርሱ ነው። በወንዙ ዳር ተወልዶ ያደገ ሕዝብ እያለ «ፈረንጅ አገኘው» የሚሉ መጻሕፍት ያስቁናል። ከአገሬው ቀጥሎ ግን ዓባይን በክረምት ያወቁት፣ ማወቅ ብቻ ሳይሆን የተፈተኑበት፣ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን የንግድ መንገድ እናስታውስ። ከከፋ ቦንጋ፣ ከጅማ ሒርማታና ከእናርያ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርሳል። ከዚያ ጎንደር፣ ከጎንደር ምጽዋ። የዚህ መንገድ ዋና ሰዎች ጀበርቲ ነጋዴዎችና የጊቤ አገር ሙስሊሞች ነበሩ። ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይጭናሉ፤ በመልሱ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ያመጣሉ። በዚያ መንገድ እስልምና ከጨው ጋር አብሮ ተጉዟል፤ ነጋዴው ባደረበት ሶላት ይሰገዳል፣ በከረመበት ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ።

በዚያው መንገድ ሰውም ይሸጥ እንደነበር ሳይነገር የሚታለፍ ታሪክ ግን ታሪክ አይደለም። ከእኛው ከደቡብ ምዕራብ ምድር የተነጠቁ ወንዶችና ሴቶች፣ በተለይም ሕፃናት፣ በእግራቸው እየተነዱ ዓባይን ተሻግረዋል። የነጋዴው ሃይማኖት ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን የተነጠቀውን ልጅ እንባ አላበሰለትም። ከ1897 በኋላም፣ ከፋ በምኒልክ ጦር ከተያዘ ወዲህ፣ በጊሚራና በዙሪያው ያለው ሕዝብ በዚህ ክፉ ንግድ ለአሥርት ዓመታት ተመናምኗል። የሸኮና የቤንች ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙት ነው።

ሰኔ ሲገባ ይህ መንገድ ሁሉ ይቆማል። ዓባይ በበጋ በመልካው በእግርና በበቅሎ የሚሻገሩት ወንዝ ነው። በክረምት ግን ሸለቆውን ሞልቶ፣ ግንድ እየነቀለ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ቀድሞ የተሻገረ ባሶ ይከርማል፤ ያልተሻገረ በጉዱሩ በኩል ይከርማል። ሦስት ወር፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። ለእነዚያ ነጋዴዎች የክረምቱ ዓባይ የሚጎበኝ ነገር አልነበረም። የተቆለፈ በር ነበር።

የውጭ አገር ተጓዦችም የጉዞ ዕቅዳቸውን በዚሁ ቁልፍ ላይ ነው የሠሩት። ፔድሮ ፓኤዝ ግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ የደረሰው ሚያዝያ 1618 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከክረምቱ በፊት። ከፏፏቴው ጥቂት ወረድ ብሎ ያለው የአላታ ድልድይ፣ የአገራችን የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ፣ በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ በ1626 ሲሠራ ከሕንድ የመጣ ግንበኛ ሥራውን መርቷል። የፖርቱጋሉ ሄሮኒሞ ሎቦ ከፏፏቴው መጋረጃ በስተጀርባ ገብቶ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ ጻፈ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በግንቦት 1770 መጥቶ ፏፏቴውን አየና፣ ሎቦ ዋሽቷል፣ ከዚህ ውሃ ጀርባ ሰው ሊገባ አይችልም ብሎ ተቆጣ። ሁለቱ ሰዎች ለመቶ ዓመታት በአውሮፓ መጻሕፍት ሲያከራክሩ ኖረዋል። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። ብሩስ ራሱ በዚያ ሰሞን ወንዙ በዝናብ ከፍ ብሎ እንደነበር ጽፏል፤ ሎቦ ውሃው ቀጭን በሆነበት ወር ደርሶ ከሆነ ነገሩ የማይቻል አይደለም። ስለ ከፍታው ግን ብሩስ ክፉኛ ተሳስቷል። 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ያህል ብሎ የገመተው ገደል በእውነቱ ከዚያ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሰው አንድን ነገር ምን ጊዜ እንዳየው ሳይናገር «እንዲህ ነው» ሲል መጠንቀቅ ያሻል።

ከእነርሱም በኋላ የመጡት በአብዛኛው በጋን መርጠዋል። ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺስማን የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ ተከትሎ ካርታ ሲያነሣ ለዓመታት የሠራው መንገዱ በሚከፈትባቸው ወራት ነው። አሠራሩን የገለበጡት በ1968 የመጡት የእንግሊዝ ወታደሮችና ተመራማሪዎች ናቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ፣ በብላሽፎርድ ስኔል መሪነት፣ ሆን ብለው ነሐሴንና መስከረምን መረጡ። ምክንያታቸው ቀላል ነበር፤ በበጋ ጀልባውን የሚሰባብረው ድንጋይ በክረምት ከውሃው ሥር ይውላል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። ከመካከላቸው አንዱ ገባር ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶታል። የሲራራ ነጋዴ ይህን ሳይነግሩት ያውቀው ነበር።

እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በነሐሴ መጨረሻ ሄደን አይተነዋል። ከሚዛንና ከቴፒ የተውጣጣን ስድስት ሰዎች ነበርን። ከእኛ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጡት ዕድሜያቸውን በቡና ንግድ ያሳለፉ አንድ ሐጂ ነበሩ። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ጉሙ ተገልጦ ወንዙ ከታች ታየ። ሐጂ ከመኪናው መስኮት ተደግፈው፣ «አባቴ ከአባቱ የሰማው ነው፤ 'ዓባይ ሲዘጋ ቡና በጆንያ ይሻግታል' ይሉ ነበር። እኛ በድልድይ በደቂቃ አለፍነው» አሉ።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመንደሯ ወጥተን ወደ አሮጌው ድልድይ ስንወርድ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። አንድ የአካባቢው ወጣት ዱላ ቆርጦ ለሐጂ ሰጣቸው፤ «አባቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል» እያለ ክንዳቸውን ይዞ አሻገራቸው። ፏፏቴውን ሳናየው ሰማነው። ድምፁ መጀመሪያ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ ይመስላል፤ ቀርበን ስንሄድ ግን የሚመስለው ነገር ይታጣል። ከጉብታው ላይ ስንደርስ ቆምን፤ ለጥቂት ጊዜም ማንም አልተናገረም። 400 ሜትር በሚሆን ስፋት፣ ቡናማ ውሃ፣ ከ40 ሜትር ያላነሰ ገደል ላይ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ከታች የሚነሳው ጢስ ወደ እኛ ሲነፍስ ልብሳችን ራሰ። ከተቃራኒው ዳገት ላይ ያለው ሣር በዚያ ጢስ ብቻ ዓመቱን ሁሉ የለመለመ ይመስላል።

ሐጂ ብዙ ከቆዩ በኋላ ወደ ወጣቱ ዞረው፣ «ልጄ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አሉት።

«የለም አባቴ፣ በበጋ ቢመጡ አያውቁትም። አሁን ግን ክረምት ነው።»

«የእኛ አገር ውሃ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ጫካው ውስጥ ተደብቆ። ይሄኛው ግን ለዓለም እየተናገረ ይሄዳል» አሉና ሱብሐነላህ አሉ።

ዙህርና ዐስርን በመንገደኛ ሥርዓት አሳጥረን፣ አቀናጅተን እዚያው ሰገድን። ከኢማሙ ሁለት እርምጃ ብቻ ርቀን የቆምነው ተክቢራውን አልሰማነውም፤ ከመካከላችን አንዱ እየተቀበለ ጮክ ብሎ ማድረስ ነበረበት። በትልልቅ መስጂዶች ድምፅ ማጉያ ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ይደረግ ነበር ይሉናል አባቶች። ለስድስት ሰው ያስፈልጋል ብለን ግን አስበን አናውቅም።

ወጣቱ «አሁን ግን ክረምት ነው» ያለው ቃል ከኋላው ታሪክ አለው። ከፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ትንሽ ነበርና ፏፏቴውን ብዙም አልጎዳውም። በ1996 ከጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ውሃውን የሚቆጣጠር በር ተሠራ። በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በቦይ ወደ ተርባይኑ ሲሄድ ገደሉ በበጋ ራቁቱን ቀረ። በእነዚያ ዓመታት ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ እርጥብ ድንጋይ አይቶ ይመለስ ነበር። በዱላና በታንኳ፣ በሻይና በቆሎ ይተዳደር የነበረው የመንደሩ ሰው ገቢም አብሮ ቀነሰ። በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ በበኩሉ ውሃውን ከሐይቁ በሌላ በኩል፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል፤ ያ ውሃ ፏፏቴውን ጨርሶ አያየውም። መብራቱ ለብዙ ቤት ደርሷል፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን መብራቱ የበራበት ቤትና ገበያው የቀዘቀዘበት ቤት አንድ እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ፏፏቴውን እንደ ጥንቱ የሚያሳየን በሩ ሊይዘው የማይችለው የክረምት ውሃ ነው።

ስለዚህ ለማየት ያሰበ ሰው ሐምሌ ላይ ባይቸኩል ይሻለዋል። ጣና ትልቅ ሐይቅ ነው፤ ዝናቡን ተቀብሎ እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳል። ከፍተኛው ውሃ የሚወጣው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ግርማ እያለው ደግሞ ከጣና የሚወጣው ውሃ ዓባይ በሱዳን ድንበር ከሚኖረው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የቀረውን የሚጨምሩት ከፏፏቴው በታች የሚገቡት በሽሎ፣ ጀማ፣ ጉደር፣ ዳቡስና ሌሎችም ናቸው። ከሁሉም በላይ ብዙ ውሃ ከሚያመጡት አንዱ ዴዴሳ ነው፤ እርሱም የሚነሳው ከጅማ በኩል ከቡናው አገር ነው። በካይሮው ዐምድ ላይ 16ኛዋን ክንድ ያስሞላት ውሃ ከፊሉ በቡና ቅጠል ላይ የወረደ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ያ ዐምድ የሚለካው ነገር የለውም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ክረምታችን ካይሮ አይደርስም፤ እዚያው ከግድቡ ጀርባ ይቀራል። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 2025 ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ወዲህ ደግሞ ጎርፉ ድንበራችንን ሳይሻገር ይታቀፋል። ኢብኑል ሐይሠም አይቻልም ብሎ የተመለሰበት ሥራ ከላይም ከታችም ተሠርቷል።

ወደ ሸኮ ውሃ እንመለስ። ጊሎና አኮቦ፣ ባሮም ጭምር፣ ሶባት ሆነው ነጭ ዓባይን ሲቀላቀሉ ከዚያ በኋላ ነጭ ዓባይ ከሚይዘው ውሃ ግማሽ የሚጠጋው የእነርሱ ነው። ዝምተኛ ውሃ ነው፤ ረግረግ ለረግረግ ይሄዳል። ግድቦቹ ሳይሠሩ በፊት በነሐሴና በመስከረም ካርቱም ላይ የሚሆነውን የሱዳን ሰዎች ያውቁት ነበር። ከጎጃም የመጣው ዓባይ በሙሉ ኃይሉ ሲደርስ ነጩን ወንዝ ይገታዋል፤ ነጩ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ይሰፋል፣ ይጠብቃል። የሸኮ ዝናብም በዚያ ውስጥ ሆኖ ለሳምንታት ይቆማል። ኅዳር ላይ የጎጃሙ ሲቀል መንገዱ ይለቀቅለታል፤ በበጋው ወራት ከካርቱም ወደ ሰሜን የሚወርደውን ውሃ አብዛኛውን ይዞ የሚሄደውም ያን ጊዜ ነጩ ነው።